ኮት የለበሰ ስልክ

ሁለቱም ከአንድ ሰፈር ተነስተው፣ በአንድ ዓይነት የሥራ ቪዛ፣ ሰው አገር የገቡ የሆቴል ልብስ አጣቢዎች ናቸው። ታላቅየው ማሽኖቹ ጋ ነው የሚሠራው። የማያውቀው ነገር ስለሌለ ስሙ «ሊቁ» ሆኗል፤ ስሙን ያወጣውም እሱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ታናሽየው ልብስ ተኳሽ ነው። ከካውያው እንፋሎት መሐል ቀስ ብሎ ብቅ ስለሚልና ቀስ ብሎ ስለሚናገር «እንፋሎት» ይሉታል።

የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፦ አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚመታው አንድ የካውያ ጠረጴዛ። አርብ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። የእንፋሎት እህት የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ታገባለች። አባታቸው በሕይወት የሉም፤ በአባት ቦታ የሚቆመው እሱ ነው። ትኬቱ ለዛሬ አመሻሽ ተቆርጧል፤ ታክሲው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።

ሊቁ ግን ይህ ጉዞ እንደማይሆን ያውቃል። እንዴት እንዳወቀ ማንም አልጠየቀውም። ሊቁ ተጠይቆ አይመልስም፤ ሳይጠየቅ ነው የሚመልሰው።

ሊቁ፦ ጫማ ከላይ አይቀመጥም አልኩህ!

እንፋሎት፦ (ሻንጣው ፊት ተንበርክኮ) ሻንጣው ሲገለበጥ እኮ ከታች ያለው ከላይ ይሆናል።

ሊቁ፦ ሻንጣ ለምን ይገለበጣል?

እንፋሎት፦ አውሮፕላን ላይ የሚወረውሩት ሰዎች ላይና ታቹን አያዩትም።

ሊቁ፦ ስድስት ዓመት ልብስ ሳጥፍ ኖሬ አንተ ልታስተምረኝ ነው? ከባድ ከታች፣ ቀላል ከላይ። በቃ!

እንፋሎት፦ እሺ ጋሼ። (ጫማውን ከሥር ያስገባል።)

ሊቁ፦ እንደዚያ። አሁን አውጣው።

እንፋሎት፦ ምኑን?

ሊቁ፦ ጫማውን። ሸሚዙን። ሁሉንም። የትም አትሄድማ!

እንፋሎት፦ የማልሄድ ከሆነ ጫማው ከላይ ቢሆን ምን ቸገረህ?

ሊቁ፦ የማይሄድ ሻንጣም ቢሆን በሥርዓት ነው የሚታሸገው።

[እንፋሎት አንድ ሱሪ ያነሳል። አራቱን ኪስ አንድ በአንድ ገልብጦ ያይና አጥፎ ያስገባል።]

ሊቁ፦ የገዛ ሱሪህን ኪስ ትፈትሻለህ?

እንፋሎት፦ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ኪስ ሳይፈተሽ ልብስ አይነካም ብለው አይደል ያስተማሩን?

ሊቁ፦ እሱን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።

እንፋሎት፦ አንተ ነህ። ጋሼ፣ እኔ እኮ ማክሰኞ ዕለት…

ሊቁ፦ ማክሰኞን ተወው! ዛሬ አርብ ነው። ቁጭ በል። ሻንጣው ላይ አይደለም፣ አልጋው ላይ። እሺ፤ የሥራ ቪዛህ መቼ አለቀ?

እንፋሎት፦ ባለፈው ወር። እንዲታደስ አብረን አይደል ያስገባነው?

ሊቁ፦ ጎሽ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰልፍ። ስለዚህ ፋይልህ የት ነው?

እንፋሎት፦ እነሱ ጋ።

ሊቁ፦ ክፍት ነው ዝግ?

እንፋሎት፦ እኔ ስሰጣቸው ዘግተው በላስቲክ አሰሩት።

ሊቁ፦ ክፍት ነው! እድሳቱ እስኪያልቅ ድረስ ፋይልህ ክፍት ነው ይባላል። ፋይልህ ክፍት ሆኖ አንድ እግርህ ከአገር ከወጣ፣ ፋይሉ ይዘጋል።

እንፋሎት፦ ማን ይዘጋዋል?

ሊቁ፦ ማንም። በራሱ ነው የሚዘጋው።

እንፋሎት፦ ላስቲኩስ?

ሊቁ፦ ላስቲኩን እርሳው! ተመልሰህ ድንበር ላይ ስትቆም አያውቁህም ነው የምልህ። «ማን ነህ?» ይሉሃል። «ሸሚዝ ተኳሹ ነኝ» ትላለህ። «የኛ ሸሚዝ ተተኩሷል፣ ሂድ» ይሉሃል። ሥራህ ሄደ፣ አልጋህ ሄደ፤ ሦስት ዓመት የለፋህበት ውኃ በላው።

እንፋሎት፦ የመመለሻ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ አሉ። ከመውጣትህ በፊት ትጠይቃለህ፣ ፓስፖርትህ ላይ ይመቱልሃል፣ ሄደህ ትመለሳለህ።

ሊቁ፦ ማን ነው ያለህ?

እንፋሎት፦ ማክሰኞ ዕለት…

ሊቁ፦ ማክሰኞ ሰው ነው? የሰው ስም ጥራልኝ! ያ የምትለው ፈቃድ ለሐኪምና ለመሐንዲስ ነው። ለልብስ አጣቢ አይሰጥም።

እንፋሎት፦ ጠይቀህ ታውቃለህ?

ሊቁ፦ እንደማይሰጥ እያወቅኩ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ?

እንፋሎት፦ አለቃችን ግን ሂድ ብላ ፈቅዳልኛለች።

ሊቁ፦ የአለቃ ፈቃድና የመንግሥት ፈቃድ አንድ መሰለህ? አለቃችን ከማጠቢያው ምድር ቤት በር ውጭ ሥልጣን የላትም። ቀለም ቀቢውን ታስታውሰዋለህ? ሁለተኛ ፎቅ የነበረውን? ጆሮው ላይ ነጭ ቀለም የማይጠፋውን?

እንፋሎት፦ አስታውሰዋለሁ።

ሊቁ፦ አባቱ ታመሙበትና አሥራ አምስት ቀን ብሎ ሄደ። ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያዙት። ወደዚህ አያስገቡት፣ ወደዚያ አይመልሱት። ይኸው እስከ ዛሬ ወንበር ላይ ነው።

እንፋሎት፦ የትኛው ወንበር ላይ?

ሊቁ፦ የአውሮፕላን ማረፊያው ወንበር ላይ! የብረቱ!

እንፋሎት፦ ምን ይበላል?

ሊቁ፦ እኔ ስለ ሕግ ስነግርህ አንተ ስለ ምሳ ታወራለህ!

እንፋሎት፦ አይ፣ ትናንት የሆቴሉን ኮሪደር ሲቀባ ስላየሁት ነው።

ሊቁ፦ ወንድሙ ነው።

እንፋሎት፦ «እንፋሎት፣ እንደምነህ?» አለኝ።

ሊቁ፦ ወንድምየው ስላንተ ነግሮት ይሆናላ።

እንፋሎት፦ ጆሮው ላይ ነጭ ቀለም ነበረው።

ሊቁ፦ ዘር ማንዘራቸው እንደዚያ ነው!

[ሊቁ መስኮቱን ይከፍታል፤ መልሶ ይዘጋዋል። ይህን ወሬ ለሌላ ሰው ብቻ ሳይሆን ለራሱም ብዙ ጊዜ ነግሮታል። እናቱን ካያት ስድስት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ያወርዳል፣ አቧራውን ይጠርጋል፣ ቀለም ቀቢውን ያስባል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ከቀለም ቀቢው በፊት የሚያስበው ስለ አንድ አናጺ ነበር፤ ከአናጺው በፊት ስለ አንድ ሹፌር።]

ሊቁ፦ ደግሞስ በምንህ ልትሄድ ነው? ፓስፖርትህ እነሱ ጋ ነው!

እንፋሎት፦ ነበር።

ሊቁ፦ ነው!

እንፋሎት፦ እሺ፣ ነው። (የሸሚዙን የደረት ኪስ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል።)

ሊቁ፦ ደረትህን አትምታ፤ ገና ምን አይተህ! እኔ ደግሞ ችግር ብቻ አውርቼ የምተው ሰው አይደለሁም። መላ አለኝ። ሰርጉ ላይ በስልክ ትገኛለህ።

እንፋሎት፦ በስልክ?

ሊቁ፦ በቪዲዮ! ስልኩን የአባት ወንበር ላይ ያቆሙታል። ባዶ ወንበር ላይ ስልክ ብቻውን ያሳፍራል፤ ስለዚህ ወንበሩን ኮት ያለብሱታል። ስልኩ ከኮሌታው በላይ ይሆናል። ከሩቅ ላየው ሰው ነው።

እንፋሎት፦ ከቅርብ ላየውስ?

ሊቁ፦ ማን ይቀርበዋል? የተቆጣ አባት ነው ብለው ይሸሹታል።

እንፋሎት፦ አማቾቹ ሊጨብጡኝ ሲመጡስ?

ሊቁ፦ እጅጌህን ይጨብጣሉ።

እንፋሎት፦ ባትሪው ቢያልቅስ?

ሊቁ፦ «ደክሞት አሸለበው» ይባላል።

እንፋሎት፦ (አሰብ አድርጎ) እህቴ ታለቅሳለች ጋሼ።

ሊቁ፦ የማታለቅስ ሙሽራ አይተህ ታውቃለህ?

[የእንፋሎት ስልክ ይጠራል። እሱ እጁን እስኪዘረጋ ሊቁ አንስቶታል።]

ሊቁ፦ (በስልኩ) እማማ! እንደምን ነዎት? … አለ፣ ጎኔ ነው። እማማ፣ እስቲ ይቀመጡ። … ተቀምጠዋል? ልጅዎ አይመጣም። … ኧረ ጤነኛ ነው! ሕጉ ነው የታመመው። … ቪዛ እማማ፣ ቪዛ። እንዴት ብዬ ልንገርዎ… ከውጭ በኩል እጀታ እንደሌለው በር ነው፤ አንዴ ከወጡ ከውጭ አይከፈትም። … እመጣለሁ ብሎ ነገረዎት? መቼ? … ማክሰኞ? (ስልኩን በእጁ ሸፍኖ) ማክሰኞ ምን ብለህ ነው እኚህን እናት ያታለልካቸው?

እንፋሎት፦ ማክሰኞ ዕለት እኔ…

ሊቁ፦ (ወደ ስልኩ ተመልሶ) እየሰማሁ ነው እማማ። … አልጋውን አነጠፉለት? … አንሶላውንም ተኮሱት። እሺ። … (ድምፁ ይቀንሳል) እናቴ? እዚያ ናት? አጠገብዎ? … አይ፣ አያቅርቧት፤ ሥራ ላይ ነኝ። … ምን አለች? … (ግድግዳውን ያያል) «እሱስ መቼ ነው?» … ሕጉ አልፈቀደም በሏት። … አዎ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አልፈቀደም። … ደህና ይሁኑ እማማ።

[ስልኩን ሳያየው ይመልስለታል።]

እንፋሎት፦ እናትህ ደህና ናት?

ሊቁ፦ ምን ትሆናለች። ጎረቤት ለጎረቤት ተቀምጠው ስማችንን ያነሳሉ። (ድንገት ብድግ ይላል) በቃ! ተነስ፣ እንሄዳለን!

እንፋሎት፦ ታክሲው ገና ነው እኮ።

ሊቁ፦ ወደ ኢሚግሬሽን ነው የምልህ! አርብ በጊዜ ይዘጋሉ፤ አንድ ሰዓት አለን። እኔ ራሴ እለምንልሃለሁ። አንሶላ የተኮሱ እናት አያፍሩም!

እንፋሎት፦ ጋሼ፣ አያስፈልግም፤ ማክሰኞ…

ሊቁ፦ ዛሬ ካልሆነ ማክሰኞ ምን ይሠራልሃል? መጀመሪያ ልምምድ እናድርግ። አንተ መስኮት ላይ ያለው ሹም ነህ። ከጠረጴዛው ጀርባ ግባ። ፊትህን አኮሳትር።

እንፋሎት፦ (ከካውያ ጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ) እንዲህ?

ሊቁ፦ ጨምር። ትንሽ ጨምር። እሺ። (አንገቱን ደፍቶ) ጌታዬ፣ ይህ የሚያዩት ልጅ አባቱን በልጅነቱ ያጣ…

እንፋሎት፦ ምን ልርዳህ?

ሊቁ፦ እንደሱ አይሉም!

እንፋሎት፦ ምን ይላሉ?

ሊቁ፦ «ዞር በል» ይላሉ።

እንፋሎት፦ ዞር በል።

ሊቁ፦ ጎሽ። ጌታዬ፣ እህቱን ሊድር ነው። ሄዶ እንዲመለስ ቢፈቅዱለት…

እንፋሎት፦ ይቻላል። ይህን ሙላ።

ሊቁ፦ አይቻልም በል እንጂ!

እንፋሎት፦ ይቻላል ካለችስ?

ሊቁ፦ ማናት እሷ? ሹሙ ወንድ ነው። ጢም አለው።

እንፋሎት፦ መነጽር ነው ያላት።

ሊቁ፦ መነጽርም ይኑረው! ብቻ አይቻልም በል።

እንፋሎት፦ አይቻልም።

ሊቁ፦ (ረክቶ) እንደሱ! አሁን እውነት መሰለ። ደረሰኝህ የት ነው?

እንፋሎት፦ የኔ?

ሊቁ፦ የማን ሊሆን ነው? ያን ቀን መስኮቱ ላይ የሰጡን፣ ቁጥር ያለበት ወረቀት! ያለ እሱ ፓስፖርትም አይመልሱ፣ አቤቱታም አይሰሙ። አንተ ትጥለዋለህ ብዬ ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ከትቼልሃለሁ። (ቆርቆሮውን አልጋው ላይ ይዘረግፋል፦ የወላለቁ የሸሚዝ ቁልፎች፣ መቀስ፣ ክር፣ አንድ የተጨማደደ ወረቀት) ይኸው! እኔ ባልኖር ምን ይውጥህ ነበር?

እንፋሎት፦ ጋሼ፣ እሱ እኮ የኔ አይ…

ሊቁ፦ አታመስግነኝ። ገና ነው።

እንፋሎት፦ ያንተስ የት ነው?

ሊቁ፦ የኔማ በኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው። (ቁም ሳጥኑ ላይ የተሰቀለውን ግራጫ ኮት በአገጩ ያሳያል።) ትልቅ ወረቀት ከሰውነት አይርቅም። ከተሰጠኝ ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም።

እንፋሎት፦ ኮቱን ቅዳሜ ተኩሼልህ አልነበር?

ሊቁ፦ አይቻለሁ። ትከሻው ይቀረዋል።

እንፋሎት፦ ስተኩሰው ታዲያ…

ሊቁ፦ የትከሻውን በኋላ! (ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቶ) እንዴት ነው የተጨማደደው በእግዚአብሔር! ይህን ይዘን ብንቀርብ ምን ይሉናል? ልብስ አጣቢ ሆነን! ካውያውን ሰካ።

እንፋሎት፦ ለወረቀት?

ሊቁ፦ ለወረቀት።

እንፋሎት፦ አይሆንም ጋሼ። ይህ ያ የሚያብለጨልጨው ወረቀት ነው፤ ልብስ ላይ እንደምናደርገው የመለያ ቁጥር። ሙቀት ከነካው ሁለመናው ይጠቁራል። እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዱን መለያ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ረስቼ…

ሊቁ፦ አንተ ስለረሳህ የዓለም ወረቀት ሁሉ ይወቀስ? ወረቀት ከምን ይሠራል?

እንፋሎት፦ እንጃ።

ሊቁ፦ ከእንጨት! ይህ ጠረጴዛ ከምን ተሠራ?

እንፋሎት፦ ከእንጨት።

ሊቁ፦ ስንት ዓመት ተኮስክበት?

እንፋሎት፦ ሦስት።

ሊቁ፦ ጠቆረ?

እንፋሎት፦ እዚህ ጋ ትንሽ…

ሊቁ፦ አልጠቆረም! ስጠኝ፣ እኔ ራሴ እተኩሰዋለሁ። ለብ ሲል ብቻ።

እንፋሎት፦ ለብ አለ ጋለ፣ እሳት ካየው አንድ ነው ጋሼ። ተው።

[ሊቁ ካውያውን ይሰካል። ጣቱን አርሶ ይሞክረዋል፤ ካውያው «ቸስ» ይላል። ወረቀቱን ያነጥፋል፣ ጫፎቹን ያስተካክላል፣ ካውያውን ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ብቻ ይስበዋል። ንጹሕ አተኳኮስ ነው።]

እንፋሎት፦ ጠቆረ።

ሊቁ፦ ጥላዬ ነው።

እንፋሎት፦ ዞር በልለት እስቲ።

[ሊቁ ዞር ይላል። ወረቀቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰል ነው። ቁጥር የለም፣ ቀን የለም፣ ማኅተም የለም። መጨማደዱ ግን ጠፍቷል።]

ሊቁ፦ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

እንፋሎት፦ አይመለስም።

ሊቁ፦ (ያራግበዋል፤ እፍ ይልበታል) በረኪና! በረኪና ብንነክረውስ?

እንፋሎት፦ በረኪና ጥቁሩን ያነጣው ይሆናል። ቁጥሩን ከየት ያመጣዋል?

[ሊቁ ሻንጣው ላይ ዘፍ ይላል።]

ሊቁ፦ ገደልኩህ። በገዛ እጄ። እህትህ ያለ አባት ልትዳር ነው። ለእናትህ ምን ብዬ ልናገር? አንሶላውን ተኩሰዋል እኮ! ምታኝ። ግዴለህም፣ ምታኝ።

እንፋሎት፦ ተነሳልኝ ጋሼ።

ሊቁ፦ ቆሜ ልመታ? ይገባኛል። (ይነሳል።)

እንፋሎት፦ አይ፣ ሸሚዞቼ ላይ ተቀምጠህ ነው። (ሸሚዞቹን ያስተካክላል፤ ማጠፉን ይቀጥላል።)

ሊቁ፦ አሁንም ሻንጣ! አለቀልህ እኮ ነው የምልህ! ምን ዓይነት ሰው ነህ? ለምን አትጮህም?

እንፋሎት፦ ማክሰኞ ዕለት…

ሊቁ፦ (አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋዋል) …ማክሰኞ ዕለት ምን?

እንፋሎት፦ ልጨርስ?

ሊቁ፦ ጨርስ።

እንፋሎት፦ ሳታቋርጠኝ?

ሊቁ፦ ሳላቋርጥህ።

እንፋሎት፦ ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ስወጣ ደረሰኜን ከቆርቆሮው አወጣሁና ኢሚግሬሽን ሄድኩ። ተሰለፍኩ። መስኮት ሦስት ላይ መነጽር ያላት ሴትዮ ናት። «እህቴ ልታገባ ነው፤ ሄጄ መመለስ እችላለሁ ወይ?» አልኳት። «ይቻላል፤ ይህን ሙላ» አለችኝ። ሞላሁ። «ከአሠሪህ ደብዳቤ አምጣ» አለች። ረቡዕ አለቃችን ጻፈችልኝ። ሐሙስ ደረሰኙን ተቀብለው ፓስፖርቴን ሰጡኝ። (ከደረት ኪሱ ያወጣዋል።) ይኸው የመመለሻ ፈቃዱ። ሠላሳ ቀን።

ሊቁ፦ (ገጹን ያገላብጣል፤ ማኅተሙን በጥፍሩ ይፍቃል) ይህ… የእውነት ነው?

እንፋሎት፦ አትፋቀው ጋሼ። የዛሬው ጥፋት ይበቃናል።

ሊቁ፦ ምን ብለህ ለምነሃት ነው?

እንፋሎት፦ አልለመንኳትም። ጠየቅኳት።

ሊቁ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

እንፋሎት፦ ረቡዕ ልነግርህ ስል ስለ አናጺው ነገርከኝ። ሐሙስ ስለ ሹፌሩ። ዛሬ ደግሞ ስለ ቀለም ቀቢው ወንድም።

[ሊቁ ፓስፖርቱን ይመልሳል።]

እንፋሎት፦ ስላንተም ጠይቄልሃለሁ።

ሊቁ፦ ስሜን ሰጠሃት?!

እንፋሎት፦ ስም አልጠራሁም። «ስድስት ዓመት አገሩ ያልሄደ ወንድም አለኝ፤ እሱስ?» አልኳት። «በየዓመቱ ሠላሳ ቀን መሄድ ይችል ነበር፤ መጥቶ ጠይቆ ያውቃል ወይ?» አለችኝ።

ሊቁ፦ ምን አልካት?

እንፋሎት፦ «እሱ ስለሚያውቅ አይጠይቅም» አልኳት።

[ከታች መንገድ የመኪና ድምፅ ያልፋል። የሊቁ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እያሰላ ነው።]

ሊቁ፦ መቶ ሰማንያ ቀን።

እንፋሎት፦ እኔ አልደመርኩትም።

ሊቁ፦ መቶ ሰማንያ ቀን እናቴ ቤት! (ክፍሉን ሁለት ጊዜ ይዞረዋል፤ ጠረጴዛው ይመታዋል፤ አልተሰማውም።) ታዲያ እኔም እሄዳለኋ! ሰርጉ የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ አይደል? ሰኞ መስኮት ሦስት። ማክሰኞ ደብዳቤ። ሐሙስ ፓስፖርት። ቅዳሜ እናቴ በር ላይ! ንገራት! አይ፣ አትንገራት፤ ሳታስበው ላንኳኳ። «ማን ነው?» ትላለች፤ ዝም እላለሁ። ድሮም ይቻላል ብዬህ ነበር እኮ!

እንፋሎት፦ መቼ?

ሊቁ፦ በሆዴ። ምን ያስፈልጋል? ደረሰኝ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እሱ ደግሞ እዚህ… (ኮቱን ያወርዳል፤ እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ይሰዳል) እዚህ… (ወደ ሌላኛው) …

እንፋሎት፦ ጋሼ።

ሊቁ፦ ቆይ። (የውጭውን ኪስ። የእጅጌውን ገበር።)

እንፋሎት፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ ኮቱን ስተኩስልህ ኪሱን ፈተሽኩ። ደረሰኝህን አገኘሁት። ካውያ እንዳይነካብህ ብዬ…

ሊቁ፦ ብለህ የት ከተትከው?

እንፋሎት፦ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጥኩልህ።

[ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ካውያ ጠረጴዛው ይዞራሉ።]

ሊቁ፦ ያ ጥቁሩ…

እንፋሎት፦ «የኔ አይደለም» ልልህ ነበር። «አታመስግነኝ» አልከኝ።

[ሊቁ ወረቀቱን ያነሳል። ቀዝቅዟል። አልተመለሰም።]

ሊቁ፦ ደረሰኙ የጠፋበት ሰው… ምን ይሆናል?

እንፋሎት፦ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ ሰልፍ ይዤ አንብቤዋለሁ። አዲስ ማመልከቻ ያስገባል። ሁለት ወር ይጠብቃል። እስከዚያ ከአገር አይወጣም።

ሊቁ፦ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ «አይወጣም» ስል አልነበር?

እንፋሎት፦ አሁን ልክ ነህ ጋሼ።

[ከታች የታክሲ ጡሩንባ። እንፋሎት ኮቱን ከሊቁ እጅ ቀስ አድርጎ ይወስዳል፤ ትከሻውን ያራግፋል።]

ሊቁ፦ ኮቴን ምን ልታደርገው ነው?

እንፋሎት፦ እናትህ ጎን አንድ ባዶ ወንበር አስይዛለሁ። ወንበሩን ኮት አለብሰዋለሁ። ስልኩ ከኮሌታው በላይ ይሆናል።

ሊቁ፦ (የኮቱን ኮሌታ እያስተካከለ) ከሩቅ ላየው ሰው ነው።

እንፋሎት፦ ከቅርብ ደግሞ እናትህ ናት። እጅጌህን ትይዛለች።

[ሊቁ አፍንጫውን ይጠርጋል። ከበረኪናው ነው እንዳይባል በረኪናው አልተከፈተም።]

ሊቁ፦ ባትሪው እንዳያልቅ።

እንፋሎት፦ አያልቅም። አንተ ሰኞ መስኮት ሦስት ሂድ። አትለምን፤ ጠይቅ ብቻ። ሁለት ወር ሩቅ አይደለም።

ሊቁ፦ እሺ።

እንፋሎት፦ ጫማዬን ከላይ ላድርገው ከታች?

ሊቁ፦ እኔ ምን አውቄ።

[እንፋሎት ቀና ብሎ ያየዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም። ጫማውን ከሥር እንዳለ ይተወዋል፤ ኮቱን ከሁሉ በላይ ያነጥፋል፤ ሻንጣውን ይዘጋል። ጡሩንባው ይደገማል። በሩ ሲከፈት ጠረጴዛውን ይመታል።]

ሊቁ፦ ቆይ፣ ቆይ! ኮቱ ውስጥ የረሳሁት ነገር ካለስ?

እንፋሎት፦ (ከደረጃው) አትስጋ ጋሼ፤ ኪሱን ፈትሼዋለሁ!